«ሆድ ይፍጀው» እና «ሆደ ሰፊ»፦ ስሜትን የመግራት ችሎታና ድብርት በጊዜ ውስጥ ስላላቸው ዝምድና የቀረበ ሒስ

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በሥነ ልቡና ምርምር ውስጥ አንድ አሳብ እጅግ ተስፋፍቷል። ይኸውም ሰው በድብርት የሚያዘው መከራ ስለ ደረሰበት ብቻ ሳይሆን መከራው የቀሰቀሰበትን ስሜት መግራት ስላልቻለ ጭምር ነው የሚል ነው። ስሜትን መግራት እንደ ጽሕፈትና እንደ ሽመና ያለ ችሎታ ከሆነ ሊማሩት ይቻላል፤ ዛሬ የተማረውም ሰው ከዓመት ወይም ከአምስት ዓመት በኋላ ከድብርት ይጠበቃል። አሳቡ መልካም ተስፋ ስላለበት ብዙ ተከታይ አግኝቷል፤ እኛም ተማሪዎች ለፈተና ስንጽፈው እንደ ተረጋገጠ ነገር አድርገን እንጽፈዋለን።

እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ ሁለት ጥያቄ ላነሣ እወዳለሁ። የመጀመሪያው፥ ከሁለቱ የትኛው መንሥኤ የትኛው ውጤት እንደሆነ በእርግጥ ታውቋል ወይ? ሁለተኛው፥ ይህ ሁሉ የተለካበት መጠይቅ ወደ እኛ አገር፥ ለምሳሌ ወደ ጉለሌ ሲመጣ፥ የሚለካው ያንኑ ነገር ነው ወይ? ነገሩ የቃላት ክርክር እንዳይመስል አንባቢውን አስቀድሜ ላስታውስ። ችሎታ የጐደለው ተብሎ የተመዘገበ ሰው በሕመሙ ላይ ወቀሳ ይጨመርበታል፤ ስለዚህ መዝጋቢው መዝገቡን ደጋግሞ መመርመር ይገባዋል።

ጄምስ ግሮስ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው ጽሑፍ ስሜት የሚወለድበትን መንገድ በደረጃ ከፍሎ፥ ሰው በየደረጃው ጣልቃ ሊገባ እንደሚችል አመልክቷል። ወደሚያስከፋው ስፍራ አለመሄድ፥ ከሄዱም ነገሩን ማሻሻል፥ ልብን ወደ ሌላ ማዞር፥ ነገሩን በሌላ መልክ መተርጐም፥ በመጨረሻም ስሜቱ ከተነሣ በኋላ ፊት ላይ እንዳይታይ አምቆ መያዝ። እ.ኤ.አ. በ2003 ከኦሊቨር ጆን ጋር ሆኖ ዐሥር ጥያቄ ያለው መጠይቅ አወጣ፤ ስድስቱ ጥያቄዎች ስለ መተርጐም፥ አራቱ ስለ ማመቅ ናቸው። ማቲያስ በርኪንግ የተባለው ጀርመናዊ ደግሞ ችሎታውን በዘጠኝ ከፍሎ በ27 ጥያቄ የሚለካ ሌላ መጠይቅ አዘጋጀ። እነዚህ በዓለም ላይ ከሚሠራባቸው መለኪያዎች መካከል ናቸው።

ማስረጃው ብዙ መሆኑን መካድ አይቻልም። አማሊያ አልዳዎ፥ ሱዛን ኖለን ሆክሴማና ሱዛን ሽዋይዘር እ.ኤ.አ. በ2010 የ114 ጥናቶችን ውጤት ባንድ ላይ ደምረው መርምረዋል። ያገኙትም፥ መብሰልሰል ከአእምሮ ሕመም ምልክቶች ጋር ትልቅ ዝምድና እንዳለው፥ ማመቅና መሸሽም ከመካከለኛ የማያንስ ዝምድና እንዳላቸው ነው። ነገርን በሌላ መልክ መተርጐም ግን ያለው ዝምድና ከትንሽ እስከ መካከለኛ ብቻ ነበር። በመማሪያ መጻሕፍት ከሁሉ ይልቅ የሚመሰገነው ችሎታ ይኸው መተርጐም መሆኑን ሳስብ ትንሽ ፈገግ እላለሁ።

ይሁን እንጂ ከነዚህ ጥናቶች አብዛኞቹ ሰውየውን ያገኙት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ባንድ ቀን ስለ ችሎታውም ስለ ድብርቱም የተጠየቀ ሰው፥ ከሁለቱ የትኛው እንደቀደመ ሊነግረን አይችልም። ስለዚህ ያንኑ ሰው በጊዜ ልዩነት ደግመው የጠየቁትን እንመልከት። በርኪንግና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት በችሎታ መለኪያው ዝቅ ያሉት ሰዎች በአምስት ዓመት ውስጥ የድብርት ምልክት እንደበረታባቸው ጽፈዋል። ኬት ማክላውሊንና ጓደኞቿ ግን እ.ኤ.አ. በ2011፥ 1,065 ወጣት ተማሪዎችን በሰባት ወር ልዩነት ጠይቀው፥ ስሜትን መግራት አለመቻል በኋላ ጭንቀትን፥ ጠበኝነትንና የአመጋገብ መዛባትን እንደሚያመለክት፥ ድብርትን ግን እንደማያመለክት አገኙ። በሆላንድ ወጣቶች ላይ የተደረገው፥ ዩኒላ ላርሰንና ጓደኞቿ እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጡት ጥናት ደግሞ ነገሩን ገለበጠው። የማመቅ ልማድ ከአንድ ዓመት በኋላ የሚመጣውን ድብርት አላመለከተም፤ የድብርት ምልክት ግን ከአንድ ዓመት በኋላ ማመቅ እንደሚጨምር አመለከተ። እንግዲህ ዝም ብሎ የተደበረ የመሰለን ሰው፥ ተደብሮ ዝም ያለ ሊሆን ይችላል። ድብርት ያየ ቤተ ሰብ ይህን ለማመን ብዙ አይቸገርም፤ ሕመምተኛው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያጣው የመናገር ጉልበቱን ነውና።

እነዚህን ጥናቶች የምንነቅፈው እርስ በርሳቸው ስላልተስማሙ አይደለም፤ በሳይንስ አለመስማማት የተለመደ ነው። የስሌቱ ችግር ግን ከዚህ የጠለቀ ነው። ኤለን ሃማከርና ሁለት ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2015 እንዳሳዩት፥ በዚህ ዐይነት ጥናት ዘወትር የሚሠራበት ስሌት በሰውና በሰው መካከል ያለውን ልዩነት በአንድ ሰው ውስጥ ከሚደርሰው ለውጥ ጋር ይደባልቃል። ለምሳሌ ያህል በሽሮ ሜዳ ጐን ለጐን የሚሠሩ ሁለት ሸማኔዎችን በሐሳባችን እናስቀምጥ። አንደኛው ከተፈጥሮው ደስተኛና ታጋሽ፥ ሁለተኛው ከተፈጥሮው ትካዜ የሚያበዛና ቶሎ የሚከፋው ነው እንበል። በመስከረም ብንጠይቃቸው ይህ ልዩነት አለ፤ በሰኔ ብንደግም ያው አለ። ስሌቱም «በመስከረም ስሜቱን ያልገራው በሰኔ ተደበረ» ይላል። ሐኪሙ ማወቅ የሚፈልገው ግን ይህን አልነበረም። ሁለተኛው ሸማኔ ከራሱ ልማድ ይልቅ ስሜቱን በተሻለ በገራበት ወር፥ በሚቀጥለው ወር ከራሱ ልማድ ይልቅ ቀለል ይለው ይሆን? ትምህርቱ ይጠቅማል ወይም አይጠቅምም ለማለት የሚያበቃው ይህ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ለመመለስም ሁለት ጊዜ መጠየቅ አይበቃም።

አሁን ወደ ቋንቋው እንምጣ። ከአራቱ የማመቅ ጥያቄዎች የአንዱ አሳብ ባጭሩ ስሜቴን ለራሴ እይዛለሁ የሚል ነው። ይህን ለአንዲት የጉለሌ እናት ብናቀርብላት «አዎን ልጄ፥ በሆዴ እይዘዋለሁ» ብትለን አያስደንቅም። ነገር ግን በአማርኛ በሆድ መያዝ ከአንድ በላይ ነገር ነው። «ሆድ ይፍጀው» የሚል ሰው ሊናገረው የሚገባ ነገር አለው፤ ሰሚ ወይም ፈራጅ አጥቶ ዋጠው፤ የዋጠውም ነገር ከውስጥ ይፈጀዋል፤ ቃሉ ራሱ እሳትንና በርበሬን ያስታውሳል። «ሆደ ሰፊ» የሚባለው ደግሞ ክፉ ቃል ሰምቶ ፊቱ ሳይለወጥ የሚያሳልፍ፥ ነገሩም በውስጡ ቦታ አግኝቶ የሚቀመጥለት ሰው ነው። ከውጭ ለሚያይ ሁለቱም ዝም ብለዋል፤ በመጠይቁም ሁለቱ እኩል ነጥብ ያገኛሉ። አንዱ ግን ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል፤ ሌላው እንቅልፉን ይተኛል። «ሆደ ባሻ»ን ብንጨምርበት ጭራሽ ግራ ያጋባል። ሆደ ባሻ ሰው ስሜቱን አያምቅም፤ በትንሹ ይከፋዋል፥ ቶሎም ያለቅሳል፤ ስለዚህ በማመቅ ጥያቄዎች ሲመዘን ከሁሉ የተሻለ ጤነኛ ይመስላል። ጐረቤቱ ግን «ተጠንቀቁለት፥ ሆደ ባሻ ነው» ይላል። በኔ አስተያየት ከመጠይቁ ይልቅ ጐረቤቱ ልክ ነው።

ማመቅ በሁሉም አገር አንድ ዐይነት ጉዳት እንደሌለው ውጭ አገር ያሉትም ሊቃውንት ደርሰውበታል። ኤሚሊ በትለር፥ ቲያን ሊና ግሮስ እ.ኤ.አ. በ2007፥ በአሜሪካ የሚማሩ ሴቶች ተማሪዎችን መርምረው፥ የእስያ ልማድ ባላቸው ዘንድ ማመቅ ከክፉ ስሜት ጋር ያለው ዝምድና ከሌሎቹ ያነሰ መሆኑን ጽፈዋል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ነገር ግን ልዩነቱን በአገርና በአገር መካከል ያደርገዋል። ሆደ ሰፊውና ሆድ ይፍጀው ባዩ ግን ባንድ ግቢ ውስጥ ይኖራሉ፤ አንዳንድ ጊዜም አንድ ሰው በማለዳ ሆደ ሰፊ ሆኖ በማታ ሆድ ይፍጀው ይላል።

ቋንቋችን ጥናቱን የሚረዳበት ቦታም አለ። ኖለን ሆክሴማ መብሰልሰልን የምትለካበት መጠይቅ ለብዙ ዓመታት ሁለት ነገር አደባልቆ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ከዌንዲ ትሬይነርና ከሪቻርድ ጎንዛሌስ ጋር ሆና ለየችው። አንደኛው ሰው «ለምን በኔ ላይ ብቻ» እያለ በቁስሉ ዙሪያ መዞሩ ነው፤ ሁለተኛው ነገሩን ለመረዳት ወደ ውስጡ መመልከቱ ነው። የመጀመሪያው በኋላ ድብርት እንደሚጨምር ያመለክታል። ሁለተኛው በዕለቱ ከድብርት ጋር አብሮ ቢታይም፥ ጊዜ ሲያልፍ ከድብርት መቀነስ ጋር ሄዷል። በአማርኛ አንዱ መብሰልሰል ነው፤ ሌላው ማሰላሰል ነው። ይህን ማንም ባላገር ሳይማር ይለየዋል። መጠይቁን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ሁለቱንም «ደጋግሞ ማሰብ» ብሎ ቢተረጉማቸው፥ እነሱ በብዙ ድካም የለዩትን እኛ መልሰን ደባለቅነው ማለት ነው።

የድብርቱ መለኪያስ? በዚህ ረገድ አገራችን ባዶ አይደለችም፤ አንዱ ምስክርም እዚሁ ጉለሌ ይገኛል። በሰፊው የሚሠራበት ባለ ዘጠኝ ጥያቄ የድብርት መጠይቅ፥ ሰውየውን ስላለፉት ሁለት ሳምንታት ጠይቆ ከዜሮ እስከ 27 ነጥብ የሚሰጠው፥ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ926 ተመላላሽ ሕሙማን ላይ ተፈትኗል። ብዙ ገላዬና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጽሑፍ ሕመምተኛውን ከጤነኛው የሚለየው ተስማሚ ነጥብ ዐሥር ሆኖ ተገኘ። ሻርሎት ሀንሎንና ባልደረቦቿ በቡታጅራ አካባቢ ጤና ጣቢያዎች ያንኑ መጠይቅ ፈትነው እ.ኤ.አ. በ2015 ሲጽፉ ግን ተስማሚው ነጥብ አምስት ሆነ። ከወለዱ በኋላ ሴቶችን ለመጠየቅ የተዘጋጀው የኤዲንበርግ መጠይቅም እንዲሁ ነው፤ በቡታጅራ ገጠር እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመው ጥናት ደካማ ሆኖ ሲገኝ፥ በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመው ጥናት ደኅና ሠርቷል። በሁለቱ ቦታዎች መካከል ያለው መንገድ ባውቶቡስ የግማሽ ቀን እንኳ አይሆንም። ከአሜሪካ እስከ ጉለሌ ያለውን ርቀት አንባቢው ራሱ ይገምት። ጉለሌ ራሷም ባንድ ቋንቋ የምትናገር አይደለችም። ስሟን ያገኘችው ከኦሮሞ ጎሣ ነው፤ በሽሮ ሜዳ ድውር ከሚያዞሩትና ከሚሸምኑት ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ የመጡ ናቸው፤ በአማርኛ ይነግዳሉ፥ ኀዘናቸውን ግን በጋሞኛ ያለቅሳሉ።

እስካሁን ያነሣሁት ሁሉ በጥንቃቄ ሊታረም የሚችል ነው። ከዚህ የሚከብደው ግን መጠይቆቹ ችሎታውን የሚፈልጉበት ስፍራ ነው፤ በአንድ ሰው ራስ ውስጥ ብቻ ይፈልጉታል።

መርዶን እንውሰድ። ሩቅ አገር ዘመድ የሞተበት ሰው፥ እንደ ልማዱ ከሆነ፥ ወሬውን ከሁሉ በኋላ ይሰማል። ጐረቤቱና ዘመዱ አስቀድመው ያውቃሉ፤ ግን አይነግሩትም። ማን እንደሚናገር፥ ማን አጠገቡ ቆሞ እንደሚይዘው ይማከራሉ፤ እርጉዝ ወይም የልብ ሕመምተኛ ካለ ይጠያየቃሉ፤ ከዚያም ሊነጋጋ ሲል ተሰብስበው ይሄዳሉ። ግሮስ ከዘረዘራቸው ደረጃዎች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ፥ ማለት ስፍራውን መምረጥና ነገሩን ማሻሻል፥ እዚህ ተፈጽመዋል፤ የፈጸሟቸው ግን ሌሎች ሰዎች ናቸው፥ ኀዘንተኛው ገና ተኝቶ ሳለ። ዛሬ ስልክ ይህን ልማድ እያፈረሰው መሆኑ የታወቀ ነው፤ ሰው የናቱን ሞት በሥራ ቦታ፥ በእጁ በያዘው መስታወት ላይ ያነባል። ይህ ለውጥ በድብርት ላይ ምን እንዳስከተለ የሚጠይቅ ጥናት ስሜትን ስለ መግራት ከሚደረጉ ጥናቶች ሁሉ ለአገራችን የሚጠቅም ይመስለኛል።

ከቀብር በኋላ እድሩ ድንኳንና አግዳሚ ያቀርባል፤ ጐረቤት እንጀራና ወጥ ተሸክሞ ይመጣል። አዲስ ለቀስተኛ እየጮኸ ሲገባ ኀዘንተኛው ተነሥቶ አብሮ ያለቅሳል፤ ጥቂት ቆይቶ አንድ ሽማግሌ «ይብቃ፥ ይብቃ» ሲል ይቀመጣል፤ ዝምታ ይሆናል፤ ወሬ ይነሣል፤ እንዲያውም ይሣቃል። ከዚያ ሌላ ለቀስተኛ ይገባል። ይህን የሚያዩ አንዳንድ የውጭ አገር ሰዎች ልቅሶው የይምሰል ነው ይላሉ። ጆርጅ ቦናኖና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጡት ጥናት ግን ለባላገሩ ይመሰክርለታል። በኒው ዮርክ የመስከረም 11 ቀን 2001 (እ.ኤ.አ.) አደጋ በደረሰበት ጊዜ ዩኒቨርሲቲ የገቡ ተማሪዎችን መርምረው፥ ስሜታቸውን ሲታዘዙ አጉልተው ማሳየትም ሲታዘዙ ማመቅም የቻሉት፥ በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ጭንቀታቸው ያነሰ ሆኖ አገኙት። ሁለቱን የመቻል ችሎታ በድንኳኑ ውስጥ በሦስት ቀን ውስጥ ስንት ጊዜ ይለማመዱታል! «ይብቃ» የሚለው ሽማግሌ ግን በመጠይቁ ላይ የሚጻፍበት መስመር የለውም።

ጃሚል ዛኪና ክሬግ ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ2013 ሰው የሰውን ስሜት ስለሚገራበት መንገድ የጥናት መሠረት ለመጣል መጻፋቸውን ሳልጠቅስ ማለፍ አይገባኝም። ሆኖም የነሱ አሳብ የሚመለከተው በተለይ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ የሚሆነውን ነው፤ እድር ደግሞ መዋጮ፥ መዝገብና ቅጣት ያለው ማኅበር ነው።

ልማዳችንን ለማመስገን ብቻ የተነሣሁ እንዳይመስል ሌላውንም ወገን ልናገር። አማንዳ ሮዝ እ.ኤ.አ. በ2002፥ ኋላም እ.ኤ.አ. በ2007 ከባልደረቦቿ ጋር እንዳሳየችው፥ ጓደኛሞች ችግርን እየደጋገሙ አብረው ሲያወሩ ጓደኝነታቸው ይጠነክራል፤ በልጃገረዶች ላይ ግን ከጊዜ በኋላ የድብርትና የጭንቀት ምልክት ይጨምራል። አቦል፥ ቶና፥ በረካ እስኪጠጣ ድረስ የሚደጋገም የአንዲት ሴት በደል ከዚህ የራቀ አይመስለኝም። ከዚህም በላይ ድንኳኑ የሚተከለው ምክንያቱ ለታወቀ ኀዘን ነው። ሳይወለድ ልጅ የሞተባት ሴት ብዙ ጊዜ ድንኳን አይተከልላትም። በድብርት የተያዘ ሰውማ የሞተበት የለም፤ መርዶ ነጋሪ አይመጣለትም፤ የሚመጣለት «አይዞህ፥ ጠንከር በል» የሚል ምክር ነው። ኀዘንን በሥርዓት የሚገራ ማኅበር ሥርዓት ያልወጣለትን ኀዘን ሲያይ እጁን ያጥፋል። ስለዚህ በሽተኛውን ችሎታ የለህም ብሎ መውቀስ በመጠይቅ ብቻ ሳይሆን በሰፈርም አለ።

ከእንጦጦ ደን እንጨትና ቅጠል ተሸክመው ወደ ከተማ የሚወርዱት ሴቶች ለብዙ ዘመን የጉለሌ መንገድ ምልክት ሆነው ኖረዋል። ከነሱ አንዲቱ ጤና ጣቢያ ገብታ ድካም፥ እንቅልፍ ማጣትና ተስፋ መቁረጥ ቢገኝባት ነገሩን በሌላ መልክ እንድትተረጉመው እናስተምራት? አሊሰን ትሮይና ሁለት ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2013 የደረሱበት እዚህ ላይ ሊጠቀስ ይገባል። ችግሩ ሰውየው ሊለውጠው የማይችለው ሲሆን፥ በሌላ መልክ የመተርጐም ችሎታ ከድብርት ማነስ ጋር ይሄዳል፤ ችግሩ ሊለወጥ የሚችል ሲሆን ግን ያው ችሎታ ከድብርት መብዛት ጋር ይሄዳል። ሸክሙ የሚለወጥ ነው ወይስ የማይለወጥ? ይህን የሚወስነው የሥነ ልቡና ሊቅ አይደለም፤ የእንጨቱ ዋጋ፥ የደኑ ዘበኛና የባሏ ደመወዝ ናቸው። እነዚህን ሳይጠይቅ ችሎታዋን ብቻ የሚለካ ጥናት፥ በአምስት ዓመት ውስጥ ዐሥር ጊዜ ቢለካትም፥ አላገኛትም።

በጉለሌ እንዲህ ያለ ጥናት የሚጀምር ሰው ቢኖር ስለ ጊዜው አንድ አሳብ ላቅርብ። ሰባት ወር ወይም አንድ ዓመት የሚባለው ልዩነት ለተማሪ ቤት ዘመን የሚመች ነው፤ ኀዘንተኛው ግን የራሱ ቀን መቁጠሪያ አለው። ሠልስት፥ አርባ፥ ሰማንያ፥ ሙት ዓመት አሉ፤ ለሙስሊሙና ለወንጌላዊው ቤተ ሰብ ደግሞ ቀኑ ሌላ ነው። በሠልስት ሰውን መጠይቅ አስሞላለሁ ማለት ነውር ስለሆነ ከአርባው በኋላ ቢጀመር፥ ከዚያም በየወሩ እስከ ሙት ዓመቱ ቢደጋገም፥ ከላይ በሸማኔዎቹ ምሳሌ ያነሣሁት የስሌት ችግር በከፊል ይቃለላል። በየጊዜውም ሦስት ነገር ይጠየቅ፤ ለስሜትህ አንተ ምን አደረግህ? ሌሎችስ ምን አደረጉልህ? መምጣት የተዉትስ መቼ ነው? የመጀመሪያውን ሁሉም መጠይቆች ይጠይቃሉ። ሁለተኛውን አንዳንዶቹ ጀምረውታል። ጐረቤት መምጣት የተወበት ቀን ግን እስካሁን ባነበብኋቸው ውስጥ አንድም ቦታ አልተጠየቀም።